ከቺት ዴዩ በፊት ሌሎቹን 6 ቀናት እንያቸው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዳይት ከጀመርኩ 3 ወር ሊሆነኝ ነው። ከእሁድ እስከ አርብ በቀን 1200 ካሎሪ ነው የምበላው፣ ቅዳሜ ቺት ዴይ ስላለኝ ያማረኝን ሁሉ እበላለሁ። መጀመሪያ 4 ኪሎ ቀነስኩ ከዛ ቀጥ አለ። እሁድ ጠዋት ስመዘን ደሞ 2 ኪሎ ጨምሬ ነው የማገኘው። አንዷ ጓደኛዬ ቺት ዴይ ሜታቦሊዝም ያነቃቃል እንዳትተይው ትለኛለች፣ ሌላዋ ያበላሸሽ እሱ ነው ትላለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል? እውነት ለመናገር ሳምንቱን ሙሉ የማስበው ስለ ቅዳሜ ነው።»

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ የጻፍሻት አረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ ጠቅማኛለች፣ ስለዚህ እመለስባታለሁ። መልሴን ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። የምትወጂውን ምግብ ተይ አልልሽም። መተው ያለብሽ ቀኑን ሙሉ ያለ ገደብ መብላቱን ነው፣ እሱን ከመተውሽ በፊት ደሞ ሌሎቹን 6 ቀናት ማላላት አለብሽ፣ ምክንያቱም እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ቅዳሜ አይደለም የሚጀምረው፣ እሁድ ጠዋት ነው የሚጀምረው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። ቁመትሽንና ክብደትሽን አልጻፍሽልኝም፣ ስለዚህ ለምሳሌ ያህል ክብደትሽን ባለበት የሚያቆየው በቀን 2000 ካሎሪ ነው እንበል። 1200 ስትበዪ በቀን 800 ታጎድያለሽ፣ በ6 ቀን 4800 ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ መቀነስ ነበረብሽ፣ በወረቀት ላይ። አሁን ቅዳሜን እናምጣው። ቀኑን ሙሉ ያለ ገደብ ሲበላ 5000 ካሎሪ መድረስ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከባድ አይደለም፣ አንድ ትልቅ ፒዛ ብቻውን 2000 ሊያልፍ ይችላል፣ 100 ግራም ቸኮሌት ከ500 በላይ ነው፣ ግማሽ ሊትር ለስላሳ ወደ 200 ነው፣ በዛ ላይ ኬክ አይስክሬም ቺፕስ ምናምን ሲጨመር እና ጠዋት ተጀምሮ ማታ ሲያልቅ። 5000 ከሆነ ከሚያስፈልግሽ በላይ 3000 በላሽ ማለት ነው፣ ካጎደልሽው 4800 ላይ 1800 ብቻ ቀረልሽ። በሳምንት 230 ግራም አካባቢ።

ቢያንስ እሱ እንኳን መታየት ነበረበት ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ግን 1200 ነው የምበላው የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ 1200 አይደለም የሚበላው። ይሄን የምልሽ ትዋሻለሽ ለማለት አይደለም፣ በጭራሽ። በፈረንጆቹ 1992 የወጣ በጣም የታወቀ ጥናት አለ (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፣ ዳይት አልሰራልን ብለው የመጡ ሰዎችን የበሉትን አስመዝግበው ትክክለኛ ፍጆታቸውን በላብራቶሪ ዘዴ ሲለኩት በአማካይ ከበሉት ግማሹን ለሚጠጋው ያህል አሳንሰው መዝግበው ነበር፣ ሰዎቹ ደሞ ሆን ብለው አልነበረም። ምግብ ሲሰራ የሚቀመስ ነገር፣ በማንኪያ ተመጥኖ ያልገባ ዘይት፣ ከልጅ ሳህን ላይ የተነሳ ጉርሻ፣ ቡና ላይ ያለ ስኳር፣ እነዚህን ማን ይመዘግባል? እና ያንቺ 1200 በትክክል 1500 ቢሆን በቀን የምታጎድይው 500 ይሆናል፣ በ6 ቀን 3000። ቅዳሜ ደሞ 3000 ጨመርሽ። ውጤቱ ዜሮ። 6 ቀን ሙሉ ተርበሽ ክብደትሽ ንቅንቅ ያላለው በዚህ ነው። ሰውነትሽ ተበላሽቶም አይደለም ስንፍናም አይደለም።

እሁድ ጠዋት የምታይው 2 ኪሎ ግን ስብ አይደለም፣ እሱን ከልብሽ አውጪው። 2 ኪሎ ስብ በአንድ ቀን ለመጨመር ከሚያስፈልግሽ በላይ ከ15000 ካሎሪ በላይ መብላት ነበረብሽ። የሆነው ይሄ ነው፦ ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን አድርጎ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፣ እያንዳንዱ ግራም ደሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ሳምንቱን ሙሉ ትንሽ ስትበዪ ይሄ ክምችት ይጎድላል፣ ቅዳሜ ብዙ ዱቄትና ስኳር ሲገባ ከነውሃው ይመለሳል። ጨው የበዛበት ምግብ ሌላ ውሃ ይይዛል፣ ገና ያልወጣ ምግብም አንጀት ውስጥ አለ። በሶስት አራት ቀን ውስጥ ይሄ አብዛኛው ይሄዳል። (ዳይት ስትጀምሪ ቶሎ ከቀነስሽው 4 ኪሎ ውስጥም የተወሰነው ይሄው ውሃ ነበር፣ «ቆመ» ያስባለሽ በከፊል እሱ ነው።) የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን ቁጥሩን አይተሽ እሁድ የምታደርጊው ነገር ነው። ብዙ ሰው ደንግጦ እሁድ ምንም አልበላም ይላል፣ ወይ ሰኞን በ800 ካሎሪ ይጀምራል፣ እና የቀጣዩን ቅዳሜ ረሃብ ከዛው ይጀምረዋል።

ሜታቦሊዝም (ሰውነት ካሎሪ የሚያቃጥልበትን ሂደት) ያነቃቃል ስለሚለው። ጓደኛሽ ከምንም ተነስታ አይደለም፣ እውነት የሆነ ነገር ከስሩ አለ ግን በጣም ተጋኗል። በ1994 ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ተገኘ፣ ከስብ ህዋሳት የሚወጣ ሆኖ ለአንጎል «ክምችት አለ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ነው። ዳይት ላይ ስንሆን ይቀንሳል፣ ረሃብ ይጨምራል፣ ሰውነት ትንሽ ቆጣቢ ይሆናል። ካርቦሃይድሬት በብዛት ሲበላ ደሞ ሌፕቲን ከፍ ይላል፣ እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ግን ወደ ዳይቱ ስትመለሺ መልሶ ይወርዳል፣ በአንድ ቀን ከፍታ የሚቃጠለው ካሎሪ ደሞ የበላሽውን ትርፍ አይከፍልም። ምግብን ለመፍጨት ራሱ ሰውነት ጉልበት ያወጣል፣ ከተለያየ ምግብ ሲበላ በአማካይ 10 ፐርሰንት ያህል ነው፣ ስለዚህ 3000 ትርፍ ከበላሽ 300ዋ በዚህ ትሄዳለች፣ 2700ው ያንቺው ነው።

ዳይትን በእረፍት መከፋፈል ጥቅም አለው የሚል ነገር ካነበብሽ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው አውስትራሊያ ውስጥ ተሰርቶ በ2017 የወጣው ማታዶር የተባለው ጥናት ነው። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ወንዶች ነበሩ፣ ግማሾቹ 16 ሳምንት በተከታታይ ዳይት ሰሩ፣ ግማሾቹ ያንኑ 16 ሳምንት 2 ሳምንት ዳይት 2 ሳምንት እረፍት እያደረጉ ጨረሱት፣ እና እረፍት የነበራቸው የተሻለ ቀነሱ። ደስ የሚል ውጤት ነው፣ ግን እረፍቱ ምን ነበር? ያሻህን ብላ አልተባሉም፣ ክብደታቸውን ባለበት የሚያቆየውን ያህል ተለክቶ ነው የተሰጣቸው። ለማጠናቀቅም 30 ሳምንት ወስዶባቸዋል። ከዛ በኋላ ስፖርት በሚሰሩ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲሞከር ደሞ በስብ መቀነስ ላይ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ እረፍት አዎ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ ቢያንስ አይጎዳም፣ ግን እረፍትና ቅዳሜሽ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደዛች አረፍተ ነገር ልምጣ፣ «ሳምንቱን ሙሉ የማስበው ስለ ቅዳሜ ነው» ወዳልሽው። በ1944 እና 45 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንስል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን 24 ሳምንት ምግባቸውን ወደ ግማሽ ቀንሶ አጠናቸው። ሩብ የሚሆን ክብደታቸውን አጡ፣ ግን ሁሌ የማይረሳኝ ሌላው ነው፣ ሰዎቹ ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፣ የምግብ አሰራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ነበሩ፣ ስለ ምግብ የሚያልሙ ነበሩ፣ ሙከራው አልቆ እንደልብ ብሉ ሲባሉ ደሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪወጠር በልተው እንኳን አልጠገብንም ይሉ ነበር። ከሙከራው በፊት እነዚህ ሰዎች ከምግብ ጋር ምንም ችግር አልነበረባቸውም። ረሃብ ነው እንደዛ ያደረጋቸው። በግማሽ ረሃብ ጊዜ ይሰጣቸው የነበረው ደሞ በቀን 1570 ካሎሪ ገደማ ነበር፣ እነሱ ወንዶች ናቸው ብዙ እንዲራመዱም ይገደዱ ነበር ስለዚህ ካንቺ ጋር እኩል ማነጻጸር አይቻልም፣ ግን ነገሩ ይገባሻል ብዬ አምናለሁ፦ ቅዳሜን የምትናፍቂው ስግብግብ ስለሆንሽ አይደለም፣ ስለተራብሽ ነው።

በዛ ላይ «ዛሬ ይፈቀዳል ነገ ክልክል ነው» የሚለው አስተሳሰብ ራሱ ያስበላል። በ1975 ሄርማን እና ማክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይሄን በሚገርም ሁኔታ አሳይተውታል። ተማሪዎችን ሰብስበው ለተወሰኑት መጀመሪያ ሚልክሼክ አጠጧቸው፣ ከዛ ለሁሉም የፈለጉትን ያህል አይስክሬም እንዲቀምሱ ሰጧቸው። በምግባቸው ላይ የማይጨነቁት ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን ቀነስ አደረጉ፣ ጠግበዋላ። ሁሌ ዳይት ላይ ያሉት ግን ሚልክሼኩን ከጠጡ በኋላ ካልጠጡት ይልቅ ብዙ አይስክሬም በሉ። አንዴ ተበላሽቷል በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እመለሳለሁ፣ ነው ነገሩ። ቺት ዴይ ደሞ ይሄንኑ ስሜት በየሳምንቱ ቀጠሮ ይዞ መጥራት ነው፣ «እስከ እኩለ ሌሊት ነው የተፈቀደልኝ» ሲባል ያላማረሽን ሁሉ ትበያለሽ፣ ነገ ስለማይገኝ። ምግቡ ነገም እንደሚገኝ ብታውቂ አንዷ ኬክ ትበቃሽ ነበር።

እና ምን ላድርግ ካልሽኝ በመጀመሪያ 1200ን ተይው። ለአብዛኛው ሰው በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ያለ ባለሙያ ክትትል ለወራት የሚያዝ ነገር አይደለም። በዛው ምሳሌ ብንሄድ 1500 ወይም 1600 እውነተኛ፣ ማለትም ዘይቱም ቅምሻውም ተቆጥሮ፣ ይበቃሻል። ፕሮቲን በየማዕዱ ይኑር፣ እንቁላል ይሁን ጥራጥሬ ይሁን ስጋ ወይ ዓሳ ወይ እርጎ፣ በቀን በኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ጥሩ ነው (ኩላሊት ላይ ችግር ካለ ግን ሃኪም ሳይወስን አይሆንም)። ፕሮቲንም ፋይበር ያለው ምግብም ያጠግባል፣ ፕሮቲን ደሞ ክብደት ስትቀንሺ ጡንቻሽ አብሮ እንዳይሄድ ይረዳል። ከዚሁ ከ1500ው ውስጥ በየቀኑ 100 ወይ 150 ካሎሪ ለምትወጂው ነገር መድቢ። ሁለት ሶስት ብሎክ ቸኮሌት፣ ትንሽ አይስክሬም፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ይሄን ለታካሚዎቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ ያጭበረበርኳቸው ይመስላቸዋል፣ «ዳይት ላይ ሆኜ ቸኮሌት?» ይሉኛል፣ ግን ረቡዕ ላይ ቸኮሌት የበላ ሰው ቅዳሜን እንደዛ አይጠብቃትም። ጆአኪም ቬስተንሆፈር የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ምግብን መቆጣጠርን ለሁለት ከፍሎ አጥንቷል፣ ግትር የሆነው (ይሄ ክልክል ነው ያ ክልክል ነው የሚለው) እና ተለዋዋጭ የሆነው፣ እና ተለዋዋጩ ከዝቅተኛ ክብደትና ራስን ስቶ ካለመብላት ጋር አብሮ ሲገኝ ግትሩ በተቃራኒው ነው የተገኘው።

ከዛ ቅዳሜ። ቀኑን ወደ አንድ ማዕድ አውርጂው። ቁርስሽን እንደ ሌላው ቀን ብዪ፣ ምሳሽንም፣ ማታ ወጥተሽ ወይ ከሰው ጋር ሆነሽ የምትወጂውን ብዪ፣ ጣፋጭም ጨምሪበት። በዚህ መንገድ ቀንሽ 2400 ቢደርስ እንኳን ትርፉ 400 ነው፣ 6 ቀን በ1500 ያጠራቀምሽው 3000 ስለሆነ 2600 ይቀርልሻል፣ በሳምንት 340 ግራም አካባቢ ስብ ነው፣ ከአሁኑ ያነሰ እየተራብሽ። ማታ ስለምበላ ብለሽ ቁርስና ምሳ እንዳትዘልዪ አደራ፣ ባዶ ሆድ ይዞ ምናሌ ፊት መቀመጥ የማንንም ውሳኔ ያበላሻል። የምትመርጪው ምግብ ደሞ በእውነት የምትወጂው ይሁን፣ ስለተገኘ ብቻ የሚበላውን ቺፕስ ተይው። ቤት ውስጥ በካርቶን ገዝተሽ ከምታስቀምጪ ይልቅ ውጪ አንድ ሰው የሚበላውን ብቻ ማዘዝ ይሻላል፣ የተረፈው እሁድ ጠዋት ፊትሽ እንዳይቆም። አልኮል ካለበት እሱም ይቆጠራል፣ በግራም 7 ካሎሪ ነው፣ ከካሎሪው ይልቅ ግን ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ የሚታዘዘው ምግብ ነው የሚያሳስበው።

ለማካካስ ብለሽ በነጋታው ሁለት ሰዓት መሮጥም አያስፈልግም። አንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ 300 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ለልብሽ ለእንቅልፍሽ ለመንፈስሽ ጥሩ ነው ተራመጂ፣ ግን እንደ ቅጣት አይሁን።

ሰርግ ቢኖር ልደት ቢኖር ጉዞ ቢኖርስ? ያን ቀን ክብደትሽን በሚያቆየው መጠን አካባቢ ብዪ፣ ትንሽም ይለፍ፣ ቀጣዩን ማዕድ እንደ ወትሮው ብዪ አለቀ። አሜሪካ ውስጥ በ1994 የተጀመረ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከአመት በላይ የጠበቁ ሰዎች የሚመዘገቡበት ጥናት አለ፣ እዛ ከተገኙት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ በስራ ቀናትም በሳምንት መጨረሻም ተመሳሳይ አመጋገብ አለን ያሉት፣ በስራ ቀናት ጠበቅ እናደርጋለን ካሉት ይልቅ በቀጣዩ አመት ክብደታቸውን የመጠበቅ እድላቸው 1.5 እጥፍ ነበር። ይሄ በራሱ ምክንያትና ውጤት ያረጋግጣል ማለት አይደለም፣ ግን እኔም በስራዬ የማየው እሱኑ ነው፣ ያልተጋነነ ነገር የያዘ ሰው ነው የሚቆየው።

ሚዛኑን በተመለከተ፣ ወይ በየቀኑ ጠዋት ተመዝነሽ የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አወዳድሪ፣ ወይ ደሞ ሁሌ አርብ ጠዋት ብቻ ተመዘኚ። እሁድ ጠዋት አትመዘኚ። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናትም ውሃ ሊጨምር ስለሚችል አሁን ያለሽበትን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማስተያየት የበለጠ ትክክል ነው። 1500 ላይ ስትወጪ መጀመሪያ ሳምንት ትንሽ ብትጨምሪ አትደንግጪ፣ ከላይ ያልኩሽ ውሃ ነው፣ 4 ሳምንት ስጪውና ከዛ እንየው።

ይሄን ሌላ ሰውም ስለሚያነበው አንድ ነገር ልጨምር፣ ስኳር ህመም ያለበት ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ 6 ቀን አጥብቆ አንድ ቀን የመልቀቅ ነገር አይሞክር፣ በጠበቁት ቀናት ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ በተለቀቀው ቀን ደሞ በጣም ሊያሻቅብ ይችላል። የልብ ድካም ያለበት ሰው በአንድ ቀን ጨው ብቻ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። ሪህ ያለበትም ትራይግሊሰራይዱ (ደም ውስጥ ያለ የስብ አይነት ነው) በጣም ከፍ ያለም እንደዛው፣ ከሃኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

እና አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አልጻፍሽውም ግን መጠየቅ አለብኝ። ቅዳሜ ስትበዪ ማቆም እየፈለግሽ ማቆም የሚያቅትሽ ጊዜ አለ? ሰው እንዳያይሽ ተደብቀሽ ትበያለሽ? ሆድሽ እስኪያምሽ በልተሽ ከዛ ራስሽን ትጠያለሽ፣ ወይስ ለማስመለስ ወይም ላክሳቲቭ (የሚያስቀምጥ መድሃኒት) ለመውሰድ አስበሽ ታውቂያለሽ? መቆጣጠር እያቃተ በዛ ያለ ምግብ በአጭር ጊዜ መብላት በሳምንት አንዴ እንኳን ሆኖ ለ3 ወር ከቀጠለ ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር የሚባለው ህመም መስፈርት ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ በየሳምንቱ የሚመጣ ቺት ዴይ ደሞ ይሄን ለረጅም ጊዜ ሊሸፍነው ይችላል፣ ስም ስላለውና የታቀደ ስለሚመስል። ከእነዚህ ለአንዱ እንኳን መልስሽ አዎ ከሆነ ከላይ የጻፍኩልሽን ቁጥር ሁሉ ለጊዜው ተይው፣ ካሎሪ መቁጠሩንም አቁሚ፣ በቀን ሶስቴ በሰዓቱ ብዪ፣ እና በአመጋገብ መታወክ ላይ የሚሰራ የስነ ልቦና ወይም የስነ አእምሮ ባለሙያ አግኚ። የሚታከም ነገር ነው፣ በንግግር ህክምና ብዙ ሰው ይድናል። ክብደቱ ይቆያል፣ ከዛ በኋላ እንመለስበታለን።